ትርፍ ሰዓት የሌላቸው የፍቅር አንባቢዎች

«የፍቅር መጽሐፍ ሥራ የፈታ ሰው ንባብ ነው» ሲባል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የያዝሽውን መጽሐፍ ሽፋን ገልበጥ አድርጎ ያይና «አሁንም እሱ ላይ ነሽ?» ብሎ ፈገግ ይላል። ታሪክ፣ ፖለቲካ ወይም ፍልስፍና የያዘ ሰው «አንባቢ» ይባላል። የፍቅር ልብ ወለድ የያዘች ሴት ግን ጊዜዋን እያጠፋች ነው።

እኔ እዚህ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። የአማርኛን የፍቅር ልብ ወለድ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ብታዩት፣ ተሸክመውት እዚህ ያደረሱት ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። እንጀራ እየጋገሩ የሰሙት፣ ልጅ እያጠቡ የገለጡት፣ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆነው ያነበቡት፣ ለአንድ ቀን ተከራይተው በማግስቱ የመለሱት ሰዎች ናቸው። ስለ ደራሲዎቹ ብዙ ተጽፏል፣ ይገባቸዋልም። ስለ አንባቢዎቹ ሰዓት ግን ብዙም አልተባለም። ከየት አመጡት? ከማን ላይ ቀንሰው? ማንስ ፈቀደላቸው?

ልብ የወለደው

ከስሙ እንጀምር። ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ርዕስ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር። በኋላ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ ተብሎ የሚቆጠረውም እሱ ነው። እናስ፣ ውስጡ ምን አለ? ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ የጠፋ ወንድም ፍለጋ አለ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። ወንድ መስላቸው የሚሳሳቱባት፣ ሴትነቷ ሲታወቅ የሚወዳት ሁሉ አለ። መጨረሻው ጋብቻ ነው።

ማለትም የአማርኛ ልቦለድ ገና ከመነሻው ፍቅርን ይዞ ነው የመጣው። ፍቅር በኋላ ለገበያ ሲባል የተጨመረበት ቅመም አይደለም።

ግን መጽሐፉ ሲታተም ማን ሊያነበው ይችል ነበር? አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዎቹም ወንዶች ነበሩ። ፊደል የቆጠረው አብዛኛው ሰው የቤተ ክህነት ትምህርት ያየ ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ሌላ ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ ማለፍ ነበረበት። ወንድ መስላ አገር ያቋረጠችው ጦቢያ በወረቀት ላይ ስትኖር፣ ታሪኳን ራሷ ማንበብ የምትችል የአገሯ ሴት እጅግ ጥቂት ነበረች።

በዚያው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሰሞን፣ በ1923 ዓ.ም.፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የልብ አሳብ» የሚለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ንዑስ ርዕሱ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ይላል። ታሪኩ ስለ ጋብቻ ይመክራል። እንደ ዛሬ የፍቅር መጽሐፍ ልብ አንጠልጣይ አይደለም፣ ስብከት ስብከት ይላል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማን ማንን በምን ሁኔታ ያግባ የሚለው ጥያቄ ከሽማግሌዎች ምንጣፍ ተነስቶ መጽሐፍ ላይ ወጣ። ያነበበ ሁሉ አስተያየት ሊሰጥበት ነው።

ፊደል ያመጣው ጣጣ

ይህ ጥያቄ ሙሉ ጉልበቱን ያገኘው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ።

ታሪኩን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ እንዴት ነው የተገናኙት? በገበያ አይደለም፣ በሠርግ ቤትም አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ «ይህ አይመጥናትም» እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ይሄዳል። ከዚያ የድሃ ልጅ የሆነው የቤተ ክህነት ተማሪ በዛብህ ሰብለን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል። ፍቅሩ የተጀመረው በትምህርት ላይ ነው። ፊደል መሃል ገብቶ ነው ሁለቱን ያቀራረባቸው።

ስለዚህ «ሴት ልጅ መጽሐፍ ካበዛች ትበላሻለች» ይሉ የነበሩ አባቶች ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋቸውም ማለት ነው። የፈሩት ጽሑፉን ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ለብቻዋ ተቀምጣ፣ ማንም በማይሰማት ሁኔታ፣ የሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ገብታ ስትወጣ «እኔስ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። የፈሩት ያንን «እኔስ?» ነው።

ይህ ዝም ብሎ የስሜት ጉዳይ አልነበረም፤ ሕግም ነበረበት። መጽሐፉ ሲወጣ በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ለወንዱ 18 ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የጠለፋው ቀዳዳም የተደፈነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንዲት ሴት የምትወደውን ራሷ ትምረጥ የሚለው ሐሳብ በሕግ እስኪጸና ድረስ ስንት ዓመት በልብ ወለድ ውስጥ ሲመላለስ እንደኖረ አስቡት። «ዝም ብሎ የፍቅር ታሪክ» የምንለው ነገር ሕጉ ሳይደርስበት ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ጆሮ የሚያነብበት ዘመን

አሁን ወደ አንባቢዋ ሰዓት እንምጣ። አንዲት የቤት እመቤት ጠዋት ተነስታ እሳት ታያይዛለች፣ ቁርስ ታቀርባለች፣ ልጆች ታሰናዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ወጥ ትሠራለች። ቡናው አለ፣ ለቅሶው አለ፣ እድሩ አለ። በዚህ መሃል እጇ ነፃ የሚሆንበት ሰዓት የለም። ጆሮዋ ግን ነፃ ነው።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ይህችን ሴት ያገኛት እዚያ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወርዶ ማጀት ገባ። ወጋየሁ ድምፁን ብቻ አይደለም ያዋሰው፤ ፊታውራሪውን ፊታውራሪ፣ ጉዱ ካሣን ጉዱ ካሣ እያደረገ ነው ያነበበው። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ እንኳን የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው።

እናቴ ይህን ስታወራ የምትነግረኝ ስለ ታሪኩ አይደለም፤ ስለ ምጣዱ ነው። ትረካው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮ ያለበት ቤት ጎረቤቱ ይሰበሰባል። የምትጋግር ጋግራ ለመጨረስ ትጣደፋለች። ሳትጨርስ ከደረሰባት ደግሞ በሩን ከፍታ፣ ድምፁን አስጨምራ፣ አሰስ እያደረገች ታዳምጣለች። «ሰብለ ስታለቅስ እኔ ጭስ ነው እል ነበር» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ማጀት ውስጥ ያለቀሰች ሴት ምክንያት አትጠየቅም። ጭሱ አለላት።

ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የፍቅር ልብ ወለድ «አንባቢ» የሆነችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው።

ኩራዝና ኪራይ

ፊደሉ በኋላ መጣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በዓመቱ ዩኔስኮ ለዘመቻው ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ሰጠው። ስለ ዘመቻው ብዙ ሊባል ይችላል። በውድም በግድም የተቀመጠ አለ፣ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ከዓመት በኋላ ፊደሉን የረሳው ብዙ ነው። ነገር ግን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልጇን በጀርባዋ አዝላ «ሀ ሁ»ን የቆጠረች ሴት፣ ከዚያ በኋላ ምን ታንብብ? የማዳበሪያ አጠቃቀም? የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ?

እናቴ የመረጠችው ግልጽ ነው። በጆሮዋ የምታውቀውን ታሪክ በዓይኗ ልታየው ፈለገች። ያነበበችው የመጀመሪያው ወፍራም መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። «ቃሉ ሲያቅተኝ ወጋየሁ ይነግረኛል» ትላለች። ማለትም ፊደሉ ሲያስቸግራት ድምፁን ታስታውስና ትሻገራለች። የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አላደረገላትም።

በዚያ ዘመን ከታወቁት አሳታሚዎች አንዱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል፤ ኩራዝ ማታ የሚነበብበት ያ ትንሽ የጋዝ መብራት ነው። መጽሐፍ መግዛት ግን ለሁሉም አይሆንም። ስለዚህ ኪራይ ነበር። አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ አገር፣ በየጉልቱና በየመናኸሪያው አጠገብ፣ መጽሐፍ በሸራ ላይ ዘርግተው የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። መያዣ ታስይዛለህ፣ ለቀኑ በሳንቲም ትከፍላለህ፣ ካሳለፍክ ይጨመርብሃል። ሽፋኑ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ ተለብጧል፣ ጀርባው በመርፌ ተሰፍቷል፣ አንዳንዴ መሃሉ ላይ አራት ገጽ የለም። የጎደለውን ቀድሞ ያነበበ ሰው ይነግርሃል።

ይህ ኪራይ አነባበቡን ራሱ ቀየረው። ሦስት መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት! ልጅ ከተኛ በኋላ፣ ባል ካንኮራፋ በኋላ፣ ኩራዙ ዝቅ ተደርጎ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንዱ መጽሐፍ ለሦስት ቤት ይከራያል። አንዷ ከሰዓት፣ አንዷ ማታ፣ አንዷ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ። ማንበብ የማትችል ጎረቤት ካለች ቡና ላይ ይነበብላታል። አንባቢዋ ቡና አታፈላም፤ ዋጋዋ ያ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ መጽሐፍ የብቻ ነገር አልነበረም። እንደ ወንፊትና እንደ ሙቀጫ ከቤት ቤት የሚዞር ዕቃ ነበር።

የፍቅር ልብ ወለድ ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ተስማምቶታል። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ትተሽው ብትሄጂ ስትመለሺ አይጠፋብሽም። ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። «ቀላል ነው» ብለው የሚነቅፉት ነገር፣ አሥር ጊዜ እየተቋረጠች ለምታነብ ሴት ዋናው ጥቅሙ ነው።

በድብቅ የተላለፈ ፍቅር

አንዳንድ ጊዜ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ይጠፋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ አሳታሚው ያው ኩራዝ ነበር። መጽሐፉ በአሥመራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የቆመ ነው። የአገሪቱን ትላልቅ ሰዎች የሚያስታውሱ ገጸ ባሕርያት አሉበት። መንግሥትን ያስቆጣውም ይኸው ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ሆኖም ተራውን አንባቢ ጠይቁት፤ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የፀጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር ነው። እጅ ለእጅ በድብቅ ሲዘዋወር የኖረውን ይህን መጽሐፍ ሰው የፈለገው ለፖለቲካው ብቻ አይደለም። በጦርነት መሃል ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ ማየት ፈልጎ ነው። ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና የሰጠ፣ ወንድሙ ግንባር ያለ ሰው፣ ጦርነት ምን እንደሚወስድ በመግለጫ አይገባውም። ፊያሜታን ሲያጣት ግን ይገባዋል።

ከዚህም የባሰ ቦታ ላይ የፍቅር ልብ ወለድ ተነቧል። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት አልነበረም። የጻፈው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነው፤ ሦስት ሺህ ገደማ ቁራጭ። የሚፈቱ እስረኞች ከፋፍለው እየደበቁ ወደ ውጭ አወጡለት። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

እስቲ ይህን አስቡት። ነገ ይጠሩ አይጠሩ የማያውቁ ሰዎች፣ ሩቅ አገር ያለች አንዲት እልኸኛ ሴት ማንን ትወድ ይሆን እያሉ ቀጣዩን ክፍል ይጠብቁ ነበር። «ሥራ የፈታ ሰው ንባብ» የሚለውን አባባል እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚደፍር ማን ነው?

ከመድረክ ወደ ኪዮስክ

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ሲመጣ ፍቅሩ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። አቤልና ትዕግሥት ከማንኩሳ አይደሉም፤ መኝታ ክፍል የሚጋሩ፣ ፈተና የሚፈሩ የዘመኑ ልጆች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የማይደርሱ ብዙ ወጣቶች ግቢውን ያዩት በዚህ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ወጣ፤ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ከፖለቲካው ጎን ለጎን የፍቅር ታሪክ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የፍቅር ምክር ኪዮስክ ላይ ተሰቀለ። የእንግሊዝኛዎቹ የዳንኤል ስቲልና የሲድኒ ሼልደን መጻሕፍትም በእንግሊዝኛ፣ በትርጉምም ይዞሩ ነበር።

ነቀፋውም አብሮ ጨመረ። ልጆቻችንን አበላሸ፣ ቋንቋውን አረከሰ፣ ገበያውን አጥለቀለቀ ተባለ። ከነቀፋው ውስጥ እውነት ያለው ክፍል አለ፤ እሱን አልሸፍንም። አንዳንዱ ታሪክ ልጅቷ «አይሆንም» ስትል «ትፈልጋለች ማለት ነው» ብሎ ያነባል። አንዳንዱ የሚደበድብ ባልን በፍቅር ይቅር ያስብላል። በጠለፋ በተሰቃየ አገር ይህን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ግን መልሱ አንባቢዋን መናቅ አይደለም። እሷ እኮ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቡና ላይ «ይሄማ ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ ወንድ መመለስ የለበትም» ብለው የሚከራከሩት እነዚያው አንባቢዎች ናቸው። ከሥነ ጽሑፍ ሐያሲ በፊት ሂስ የጀመረችው ስኒ የምታጥበዋ ጎረቤት ነች።

ሰባተኛው ወር

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወር መጨረሻ ሲሆን አምሽቼ ነው የምገባው። የማነበው ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ልጄ ካንቀላፋች በኋላ ባለችኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ፍልስፍና ሞክሬ አውቃለሁ፤ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ያነበብኩት ሒሳብ ሆኖ ይታየኛል። የፍቅር ታሪክ ሲሆን ግን የት እንዳቆምኩ እንኳን ምልክት አያስፈልገኝም።

ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ደም ግፊቴ ከፍ አለ። ሐኪሟ «ጎንሽን ተኝተሽ ትቆያለሽ፣ ጨው የለም፣ ሐሳብ የለም» አለችኝ። ጨው መተው ይቻላል። ሐሳብ እንዴት ይተዋል? ቀን ሙሉ ተኝቶ የሕፃኑን እንቅስቃሴ መቁጠር ነው። ማታ ማታ ራስ ምታት ሲጀምረኝ «ይኼ ነው ያሉት ምልክት ወይስ ተራ ራስ ምታት?» እያልኩ እፈራለሁ። ስልክ ላይ ካነበብኩ ደግሞ የማገኘው የሞቱ እናቶችን ታሪክ ነው።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና ታነብልኝ ጀመር። ቀበሌ አዳራሽ በቆጠረችው ፊደል፣ ቀስ እያለች፣ እየተንተባተበች። የመረጠችው የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ ደርዝ ያለው ትልቅ ሥራ አይደለም፣ ስሙን ብነግራችሁም አታውቁትም። የልጁ እናት የልጅቷን ድህነት ንቃ ስታባርራት እናቴ መጽሐፉን ዘግታ «ይህቺን ሴትዮ ግን!» ትላለች። እኔ እስቃለሁ። በዚያ መሃል አንድ ሰዓት ያልፋል።

መጽሐፉ ደም ግፊቴን አወረደው አልልም፤ ያወረደው መድኃኒቱና ክትትሉ ነው። መጽሐፉ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። መጠበቅ ሲከብደኝ የምጠብቀው ሌላ ነገር ሰጠኝ። ልጅቷ ትመለስ ይሆን? ደብዳቤው ይደርስ ይሆን? እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ገጹን መግለጥ ብቻ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን መልሱ አንድ ወር ተኩል ይርቅ ነበር።

አሁን ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ሳነብ ካየችኝ መጥታ ጭኔ ላይ ትወጣለች። «ምን ይላል?» ትለኛለች። «አንድ ሰውዬ አንዲትን ሴት ይወዳታል» እላታለሁ። «ከዚያስ?» «ከዚያ እሷ ሌላ አገር ሄደች።» «ከዚያስ?» ከዚህ በኋላ ንባብ የለም፤ ተረት ነው የሚሆነው። ግን የልብ ወለድ ሞተር ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ አጭር አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

ዛሬ ሰዓቱን የያዘው ማነው?

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ግን 69 በመቶ ነበሩ። ማለትም ከጦቢያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ስለ እነሱ የተጻፈውን ፍቅር ገና በጆሮ ነበር የሚያገኙት።

ለዚህ ይመስለኛል ትረካ ያልሞተው። ሬዲዮው ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ ወጋየሁ የከፈተው መንገድ እዚያው ነው። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ በድምፅ የሚተረኩ መጻሕፍትን የሚያዳምጡ ብዙ ናቸው። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የእመቤቷን ልብስ ስትተኩስ ጆሮዋ ላይ የአማርኛ ትረካ አለ። «በቀን ውስጥ በአማርኛ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው» ትላለች። እሷም እንደ ድሮዋ እናቴ ነች፤ እጇ ተይዟል፣ ጆሮዋ ግን የራሷ ነው።

ነገር ግን አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ድሮ መጽሐፉን የሚያከራየው ልጅ ሳንቲሟን ቢወስድም መጽሐፉ መጀመሪያ ተገዝቶ ነበር። ዛሬ አዲስ ልብ ወለድ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ ይሆናል፤ ደራሲው ሳይጠየቅ በድምፅ ይነበባል። የወረቀት ዋጋ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። ብር ያጣችውን አንባቢ አልፈርድባትም፤ ታሪካችን ሁሉ በመዋዋስ የመጣ ነው። ግን ደራሲውም እኮ ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ጤና ያጣል። እሱም ጊዜ የሌለው ሰው ነው። አንዱን መጽሐፍ አሥር ሆናችሁ ግዙና ተዟዟሩበት፤ እናቶቻችን ያደረጉት ይኼንኑ ነው። የምታዳምጡትም ደራሲውን አስፈቅዶ የሚተርክ ካለ እሱን አስቀድሙ።

ሌላው የተለወጠው ነገር ሃያ ደቂቃዋ ናት። ድሮ ልጅ ከተኛ በኋላ ያለችውን ሰዓት የሚሻማት እንቅልፍ ብቻ ነበር። አሁን በእጃችን ያለው ስልክ ለሃያ ደቂቃዋ ሃያ ነገር ያቀርባል። አንዱንም ጨርሰን አንነሳም። የፍቅር ልብ ወለድ ግን መጨረሻ አለው። ይጋባሉ፣ ይለያያሉ ወይም ይሞታሉ፤ በሦስቱም መንገድ መጽሐፉን ትዘጊዋለሽ። ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ሥራ ስትሠራ ለዋለች ሴት፣ አንድ ያለቀ ነገር ይዞ መተኛት ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወጥ ቤት፣ ቢሮ ወይም ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የፍቅር መጽሐፍ የያዘች ሴት ካያችሁ «አሁንም እሱ ላይ ነሽ?» አትበሏት። ከየት አምጥታ ለራሷ ያስቀረቻት ሰዓት እንደሆነች አታውቁም። ይልቅ «የት ደረስሽ?» በሏት። ትነግራችኋለች፤ ጊዜ ካላችሁ።